ሶፋ ያለበት ክፍል

ወንድሜ ሴድሪክ እዚህ አሜሪካ፣ ሜምፊስ ከተማ፣ ልጄ በምትማርበት ትምህርት ቤት የእኩልነት ጉዳዮች ኃላፊ ነው። ጥቁር ልጆች በቅጣት ወደ ቤት መባረራቸው ቀረ ተብሎ የተሸለመው እዚያ ባዘጋጀው ክፍል ምክንያት ነው። ክፍሉ ሶፋ አለው፣ ምንጣፍ አለው፣ ግድግዳው ሁሉ የጥቁር ጀግኖቻችን ፎቶ ነው። ነጭ አስተማሪዎች አንዱ ጥቁር ልጅ ሲከብዳቸው «ሴድሪክ ይግባባዋል» እያሉ ወደዚያ ይልኩታል። እኔም እንደ ሞኝ አጨብጭቤለታለሁ።

አንድ እሁድ ዓሣ ጠብሼ፣ ስፓጌቲውን አቅርቤ እየበላን ሳለ ልጄ ዛናያ፣ «አጎቴ ጋ ደስ ይላል፤ በሂሳብ ክፍለ ጊዜ ብስኩት ይሰጠኛል» አለች። ለጨዋታ ነው ያወራችው። እኔ ግን ሹካዬን አስቀመጥኩ።

«በሂሳብ ሰዓት እሱ ጋ ምን ትሠሪያለሽ?»

«ሚስስ ሆሊስ ናት የምትልከኝ። ‹ይሄ እንዴት መጣ?› ብዬ ደግሜ ስጠይቃት ‹ትከራከሪያለሽ› ትለኛለች። ሁልጊዜ ነው።»

ጥሩው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስገባት የሂሳብ ፈተና ደግሞ የዚያው ሳምንት ዓርብ ነበር። ደሜ ፈላ።

«አንተ ይሄን ታውቃለህ?» አልኩት ወንድሜን።

«ላቮን፣ ወደ ቤት ከምትባረር እኔ ጋ ብትሆን አይሻልም?»

«ሂሳብ ታስተምራታለህ?»

«አላስተምርም።»

«ታዲያ ምንድን ነህ? ሶፋ ያለበት እስር ቤት ዘበኛ?»

ሴትዮዋን መናገር ሲገባው ልጆቹን ያባብላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ማለት ይሄ ነው። ሳህኑን ገፋ አደረገና፣ «ልጅ ሆኜ ኮሪደር ላይ ሲያስቀምጡኝ ዞር ብሎ የሚያናግረኝ አልነበረም። ክፍሉን የሠራሁት ለዚያ ልጅ ነው» አለ።

አዘንኩለት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም። «ያን ልጅ አውቀዋለሁ፣ እህቱ ነኝ። እያለቀሰ ሲመጣ ‹ክፍሌ መልሱኝ› ነበር የሚለው።»

ሰኞ ሥራ ቀርቼ ሴድሪክ ክፍል ሄጄ ተቀመጥኩ። ብዙም ሳይቆይ ዛናያ ተልካ መጣች። ሴድሪክ እጇን ይዞ ወደ ሂሳብ ክፍል መለሳት፤ እኔም ተከተልኩ። ነጯ የሂሳብ አስተማሪዋ ሚስስ ሆሊስ ፈገግ ብላ፣ «አንተ ጋ ትቆይልኝ፤ አንተን ትሰማለች» አለችው።

ወንድሜ ነጭ ሰው ፊት ሲቆም የሚያወጣው ቀጭን፣ ለስላሳ ድምፅ ነበረው፤ እናታችን «የስልክ ድምፁ» እያለች ትስቅበት ነበር። ያን ቀን በቤታችን ድምፅ ተናገረ።

«የምትማረው እዚህ ነው። የጠየቀችሽን መልሺላት። ከእንግዲህ ወደ እኔ የሚላክ ልጅ የለም። እስከ ዛሬ መቀበሌ የራሴ ጥፋት ነው።»

«ተቆጣህ እንዴ?» አለች ደንግጣ።

«አዎ፣ ተቆጥቻለሁ።»

ይህን ቃል ነጭ ሰው ፊት ሲናገር ሰምቼው አላውቅም። እንባዬ መጣ፤ ኮራሁበትም።

ግን የጥቂት ቀን ትምህርት ያን ሁሉ ያመለጣትን አይተካም። ዛናያ ፈተናውን ወደቀች።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሴድሪክ ከሥራ በቀጥታ ቤቴ መጣ። እኔን አልፎ ልጄ ፊት ተቀመጠ።

«ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። «በብስኩት እያባበልኩ ትምህርትሽን አስቀረሁብሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ።»

ዛናያ ትንሽ አሰበችና፣ «እዚያ አብረውኝ የሚቀመጡትስ? ማርኪስስ? እነሱንም ይቅርታ ጠየቅካቸው?» አለችው።

ሴድሪክ ተነሥቶ ኮቱን ለበሰና፣ «የማርኪስ እናት ቤት የቱ ነው?» ብሎ ጠየቀኝ። አብሬህ ልሂድ ልለው አፌ ላይ መጥቶ ነበር፤ ዋጥኩት። ቤቱን ከበር ላይ ሆኜ አሳየሁት፤ ብቻውን ሄደ።