መካኒኩ ይችላል ካለ

«ልጄ፣ ወንበር የምታከራዩት እናንተ ናችሁ?» አሉት ጥቁር የለበሱ አንዲት ሴትዮ፣ በግራና በቀኝ ብብቱ ሁለት ሁለት ወንበር ሸጉጦ በበሩ ሲገባ።

«አይ እናቴ፣» አለ ፍሪጅ ሠሪው። «የቤቱ ሰው ነኝ።»

«እንግዲያስ አንዷን ወዲህ በላት፤ ወገቤን ያመኛል።»

ዘረጋላቸው። ተቀመጡና ወደ ሚስቱ ዞረው «ያጽናሽ የኔ ልጅ» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። እሱ የቀሩትን ወንበሮች በግድግዳው ጥግ ደርድሮ ወደ ማድቤት ተመለሰ። ያልታጠበ ብርጭቆ ይጠብቀዋል።

የለቅሶው ሁለተኛ ቀን ነው። የሞቱት አማቱ ናቸው። የሚመጣው ሰው መጀመሪያ ሚስቱን ያቅፋል፤ ቀጥሎ ትናንት ከሌላ ከተማ የደረሰውን ታላቅ ወንድሟን፤ ከዚያ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጃቸውን የሚጢጢን ራስ ይዳብሳል። ፍሪጅ ሠሪው ጋ ሲደርስ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ያልፋል። ክፋት የለውም። አማቱ ሞተችበት ብሎ ወንድ ልጅን የሚያጽናና የት አለ? ደግሞም ሴትየዋ ይህን አማቻቸውን እንደማይወዱት ዘመድ ሁሉ ያውቃል። ያውቃል ማለት፣ የድሮውን ያውቃል።

ከአማቱ ጋር መጀመሪያ የተያዩት ሚስቱ ልታስተዋውቀው እናቷ ቤት የወሰደችው ዕለት ነው። ጥፍሩን በቤንዚን ፈትጎ ነበር የሄደው፤ ጥቁሩ ግን አልለቀቀም። አማቱ ስልክ ቤት ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተው፣ በመጨረሻ አርባ ኦፕሬተር ያስተዳደሩ ሴት ናቸው። ጮኸው አይናገሩም፤ አንድ የተናገሩትን ግን አይደግሙም። እጁን አዩት።

«ከፍሪጅ ሌላ ምን ይሠራሉ?»

«አየር ማቀዝቀዣም እሠራለሁ» አላቸው።

አልሳቁም። ተነሥተው ወደ ማድቤት ገቡና በሩን ዘጉት።

ከዚያ ወዲያ አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ «እርስዎ» እንዳሉት ቀሩ። «ይቀመጡ።» «ይብሉ እንጂ።» ለሚሰማ ሰው አክብሮት ይመስላል። እሱ ግን ያውቃታል፤ ያቺ «እርስዎ» በር ላይ የቆመች ዘበኛ ነበረች።

ከሰዓት በኋላ የሻይ ትሪ ይዞ ሳሎኑ ደጃፍ ሲደርስ፣ በሩ አጠገብ የተቀመጡ ሁለት ሴቶች ይንሾካሾካሉ።

«ያንን ነገር ዓይናቸው ላይ አስረውባቸው ነው አሉ።»

«የቱን ነገር?»

«ጌም የሚጫወቱበትን ጥቁር መነጽር። እንደታሰረባቸው ነው ያረፉት ይባላል።»

«በሰባ አራት ዓመታቸው? ማን አስለመዳቸው?»

«ማን ይሆናል፤ አማችየው ነዋ።»

ትሪው ላይ ብርጭቆዎቹ ተንቀጫቀጩ። ሴቶቹ ዘወር አሉ። «ሻይ» አለ ፍሪጅ ሠሪው። አመስግነው ወሰዱ። ቀና ሲል የሚስቱ ወንድም ከማዶ ትኩር ብሎ ያየዋል። ወንድምየው ርዕሰ መምህር ነው፤ ከኋላ ወንበር የሚንሾካሾክ ተማሪ አምልጦት አያውቅም። ሰምቷል።

መነጽሮቹን ያመጣቸው በእርግጥ እሱ ነው። የለስላሳ ፍሪጁን የሚጠግንለት አንድ ጌም ቤት ዕቃውን ሲያድስ፣ ባለቤቱ ሦስት አሮጌ ቪአር መነጽሮች በካርቶን አድርጎ «ለልጅህ» አለው። ዓይን ላይ ሲታሰሩ ሰውን ከሳሎኑ ሳይወጣ ሌላ ዓለም ውስጥ የሚያስገቡ ናቸው። ሚጢጢ ከውስጡ አንድ የጠፈር መርከብ ጨዋታ አገኘች። መርከቧን ማንም ብቻውን አያንቀሳቅሳትም። አንዱ ይነዳል፣ አንዱ ሞተሩን ይጠብቃል፣ አንዱ ካርታ ያነባል፣ አንዱ ያዛል። ሁሉም የሚታየው የራሱ ብቻ ነው፤ ነጂው የሞተሩን ሙቀት አያይም፣ መካኒኩ ፊት ለፊት ያለው ድንጋይ አይታየውም። ስለዚህ ካልተነጋገሩ ይጋጫሉ።

ሚስቱ ሞከረችና አዞራት። አማቱ ያን ጊዜ ዳሌያቸው ተሰብሮ እነሱ ቤት ከገቡ ስድስት ወር ሆኗቸዋል። መስኮቱ አጠገብ፣ አንድ ወንበር ላይ፣ የሚያልፈውን መኪና እያዩ ይውላሉ።

«እማማ፣ ካፒቴን ትሆኛለሽ?» አለቻቸው ሚጢጢ። «የካፒቴን ሥራ ቁጭ ብሎ ነው።»

«ቁጭ ብሎ ከሆነ ይኸው ሥራ ላይ ነኝ» አሉ።

መጀመሪያ የወንበራቸውን እጀታ ጨብጠው ዝም አሉ። አባትና ልጅ እኩል እያወሩ፣ አንዱ የሌላውን ሳይሰማ፣ መርከቧን ከአንድ ትልቅ ድንጋይ ጋር ሊያላትሟት ሲቃረቡ ያ የስልክ ቤት ድምፅ መጣ። «አንድ ሰው ብቻ ይናገር። ሹፌሯ፣ አንቺ ጀምሪ።» በዚያው ካፒቴን ሆኑ።

በሦስተኛው ሳምንት ሞተሩ ክፍል እሳት ተነሣ። ፍሪጅ ሠሪው የትኛውን ቫልቭ እንደሚዘጋ ጠፍቶት ሲዋከብ፣ «አንተ፣ ግራውን ተወው፤ ቀኙን ዝጋ» አሉት። ዘጋው። እሳቱ ጠፋ። መነጽሩን ሲያወልቁ የተናገሩት ትዝ አላቸውና ቀላ አሉ።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። ደንግጬ ነው።»

«ምንም አይደል» አላቸው። በማግስቱ ሥራ ቦታ እያፏጨ ኮምፕሬሰር ሲፈታ ባልደረባው «ምን አግኝተህ ነው?» ብሎ ጠየቀው። ምን ብሎ ይንገረው?

ከዚያ ወዲህ መርከቧ ላይ «አንተ»፣ ሳሎን ውስጥ «እርስዎ» ሆነ። «ዛሬ ጎበዝ ነበርክ» ያለው አፍ፣ መነጽሩ ሲወልቅ «ሻይ ይጠጣሉ?» ይላል። ሚጢጢ በሣቅ ትፈርሳለች። አንድ ጠዋት ግን ጫማውን ሲያስር አማቱ ከመስኮቱ አጠገብ ሆነው፣ «ጃንጥላ ያዝ፣ ሊዘንብ ነው» አሉት። ይያዙ አላሉም፤ ያዝ ነው ያሉት። የጫማውን ክር እንደያዘ ቀረ። ማድቤት ሚስቱ ሰሃን ማጠቧን አቆመች። ጃንጥላውን ይዞ ወጣ።

በዚያው ሰሞን ነው የነገሩት። «ያን ቀን አየር ማቀዝቀዣም እሠራለሁ ስትለኝ፣ በሩን የዘጋሁት ስስቅ እንዳታየኝ ነው። ከሣቅሁ ልጄን ወሰዳት ብዬ።»

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ጠዋት የሚስቱ ወንድም ፍሪጅ ሠሪውን በጣቱ ጠራውና ወደ ሟቿ ክፍል ገቡ። አልጋው ተነጥፏል። ሦስቱ መነጽሮች መደርደሪያው ላይ ናቸው።

«በሩን ዝጋው» አለ ርዕሰ መምህሩ። «እኅቴ፣ እማዬ ተቀምጣ ሳለች ነው ያረፈችው ብላኛለች። ሰው ሌላ ያወራል። እስቲ ካንተ ልስማ።»

ፍሪጅ ሠሪው እንደቆመ ነገረው። ቅዳሜ ከሰዓት ነበር፤ ሚስቱ ፋርማሲ ሥራ ላይ ነበረች። ሦስቱ በጨዋታው ውኃ ላለቀበት የጠፈር ጣቢያ ውኃ ጭነው ይሄዱ ነበር። መንገድ ላይ ከሁለቱ የሞተር ማቀዝቀዣዎች አንዱ ማፍሰስ ጀመረ። መመሪያው ተመለሱ ይላል።

«የማቀዝቀዣ ነገር ደግሞ እንጀራዬ ነው፣ ጋሼ። የሚያፈሰውን ዘግተን በአንዱ ብንሄድ ይችላል አልኩ። ሚጢጢ መመሪያው አይፈቅድም አለች። እሳቸው ግን…»

«ምን አለች?»

«‹መካኒኩ ይችላል ካለ ይችላል። ሂጂ፣ ሹፌሯ› አሉ። ከዚያ ዝም አሉ።»

«የመጨረሻ ቃሏ እሱ ነው?»

«እሱ ነው። ዝምታቸው አላስደነገጠንም። አንዴ ከወሰኑ በኋላ ሰው አይነዘንዙም ነበር፤ ዝም አሉ ማለት አምነውናል ማለት ነው። ደርሰን መርከቧን እስክናቆም አራት ደቂቃ ያህል ሄደ። ከዚያ ሚጢጢ ‹እማማ፣ ደረስን› አለቻቸው።»

ወንድምየው ፊቱ ጠቆረ። «አራት ደቂቃ» አለ። «እናቴ ሞታ አራት ደቂቃ ትጫወታላችሁ።»

ፍሪጅ ሠሪው ይህንኑ ነገር፣ ቃሉ እንኳን ሳይለወጥ፣ ሦስት ቀን ሙሉ ለራሱ ሲለው ከርሟል። የሚመልሰው አልጠፋውም፤ ግን ሰበብ ይመስላል ብሎ ተወው።

በሩ ተከፈተ። ሚጢጢ ናት።

«የነዳሁት እኔ ነኝ፣ አጎቴ» አለች። «አባዬን ብቻውን አትቆጣው። ሐኪሙ ልቧ ባንዴ ነው ያቆመው፣ እጇን ይዛችሁ ቢሆንም ምንም አታመጡም ነበር ብሏል። ለምን አትነግረውም፣ አባዬ?» ወደ አጎቷ ዞረች። «አንተን ደግሞ ስትጠብቅህ ነበር።»

«እኔን?»

«አራተኛው ቦታ ያንተ ነው። የካርታ አንባቢው። ከውጭ ሰው እናስገባበት ብዬ ስንቴ ለመንኳት፤ ባለቤት አለው ትለኛለች። አምና በስልክህ ግብዣ አስልካኛለች እኮ።»

ርዕሰ መምህሩ እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ ስልኩን ሳያወጣ ግን ትዝ አለው። ‹ካፒቴኗ መርከቧ ላይ ቦታ ይዛልዎታለች› ይል ነበር መልእክቱ። ማስታወቂያ መስሎት አጥፍቶት ነበር።

«ለትምህርት ቤታችን የሳይንስ ክፍል እንዲህ ያሉ መነጽሮች ተሰጥተዋል» አለ፣ ቀስ ብሎ አልጋው ላይ እየተቀመጠ። «ስቶር ውስጥ ተቆልፎባቸዋል። እማዬ በደወለች ቁጥር ‹መነጽሮቹን ከስቶር አወጣችኋቸው?› ትለኛለች። እኔ እርጅና ነው ብዬ… ወሬ እቀይርባታለሁ።»

ከሳሎን የማንኪያ ድምፅ ይሰማል።

«ዘጠኝ ዓመት ርዕሰ መምህር ሆኛለሁ» አለ ወንድምየው። «በመጣሁ ቁጥር ኮሌታዬን ታስተካክልልኛለች። ይችላል ስትለኝ ግን ሰምቼ አላውቅም።»

«ለእኛ ብለውናል» አለ ፍሪጅ ሠሪው። «ልጅ ሆነህ፣ የማያውቁት ሰፈር ገብተው መንገድ ሲጠፋባቸው፣ ወደ ቤት የመለስካቸው አንተ ነህ አሉ። ሚጢጢ እስኪሰለቻት ነግረዋታል። ካርታ ከሆነ ከልጄ የሚበልጥ የለም ይሉ ነበር።»

«ስድስት ዓመቴ ነበር» አለ ርዕሰ መምህሩ። «የዳቦ ቤቱን ቀለም አስታውሼ ነው።» ከመጣ ጀምሮ እንግዳ ሲቀበልና ሲሸኝ እንጂ ሲያለቅስ ማንም አላየውም። አሁን ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ አለቀሰ።

ቀና ሲል ፍሪጅ ሠሪው ወደ ግድግዳው ዞሯል። ትከሻው ይርገፈገፋል። ሚጢጢ ወገቡን አቅፋዋለች።

ርዕሰ መምህሩ ተነሥቶ ተጠጋው። «አንተን ማን አጽናናህ?» ሲል ጠየቀው።

«እኔማ… ወንበሩም ነበር፣ ሻዩም ነበር…»

«ና።»

ክንዱን ይዞ ሳሎን አስገባውና በራሱና በእኅቱ መሃል አስቀመጠው። ሚስቱ ምንም ሳትጠይቅ ተጠጋችለት። ቀጥሎ የገቡት ሽማግሌ ሦስቱንም በተራ አቀፉ። የፍሪጅ ሠሪው ተራ ሲደርስ ርዕሰ መምህሩ «ከእማዬ ጋር በጣም ይዋደዱ ነበር» አላቸው። በሩ አጠገብ የተቀመጡት ሁለት ሴቶች ተያዩ። ሻዩን ያን ቀን ሌላ ሰው አቀረበው።

በስድስተኛው ቀን ወንበሮቹ ተመለሱ። ርዕሰ መምህሩ በማግስቱ ሊሄድ ሻንጣውን አዘጋጅቷል። ከምሳ በኋላ የሚጢጢን ፀጉር እያሻሸ፣ «እስቲ ያንን ነገር አሳዩኝ» አለ።

እኅቱ «ያዞርሃል» አለችው።

«ቢያዞረኝም።»

ሚጢጢ መነጽሮቹን አመጣች። «መርከቧ አሁንም ጣቢያው ላይ ናት» አለች። «ውኃው ገና አልወረደም። ማራገፊያው በሌላው በኩል ነው፤ ዞረን መሄድ አለብን።»

«ያለ ካፒቴን ትሄዳለች?»

«ቀስ ብላ ትሄዳለች። ብዙ መነጋገር ነው።»

አጎቷን አስቀምጣ መነጽሩን አሰረችለት፤ የራሷንም አደረገች። ፍሪጅ ሠሪው ከጎኑ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። መነጽሩ ጭኑ ላይ ነው፤ ገና አላጠለቀውም።

«ወለሉ የት ሄደ?» አለ ርዕሰ መምህሩ። ከእግሩ ሥር ከዋክብት ብቻ ሆነውበት፣ እጁ የሚይዘው ፍለጋ አየሩን ዳሰሰ። ፍሪጅ ሠሪው እጁን ዘርግቶ ያዘው። ትልቅ እጅ ነው፤ ያልበዋል። አጥብቆ ጨበጠው።

«ካርታው ፊትህ ነው፣ አጎቴ» አለች ሚጢጢ። «በየት በኩል ልዙር?»

አጎቷ ራሱን ወዲያና ወዲህ አዞረ። እኅቱ አፏን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች።

«ቆይ… ቆይ። በግራ» አለ ርዕሰ መምህሩ። «በግራ በኩል ክፍት ነው።»

«በግራ» አለች ሚጢጢ። «አባዬ፣ ሞተር።»

ሞተሩ ያለ መካኒክ አይነሣም። ፍሪጅ ሠሪው የሚስቱን ወንድም እጅ ሳይለቅ፣ መነጽሩን በአንድ እጁ አንሥቶ አጠለቀ።