ቃሬዛ የሆነው የእረኛ እጀ ጠባብ

ወይዘሪት ኦገስታ ፌንዊክ በእንግሊዝ አገር በሳሴክስ መንደሮች እየዞረች የእረኞችን ጥልፍ እጀ ጠባብ የምትሰበስብ ሴት ነበረች። የልጃገረዶች ስካውት ገና ብቅ ባለበት በጋ የመንደራችንን ጓድ ለመምራት የተስማማችውም ጥልፉን የሚወርስ እጅ አገኛለሁ ብላ ነው። የልጆቹ ልብ ግን ገመድ መቋጠርና ቁስለኛ መሸከም ላይ ነበር።

የደብሩ ሴቶች ማኅበር ሰብሳቢ ወይዘሮ ፔሊንግ ይህን ነውር አሉት። በማኅበራቸው ስብሰባ ጓዱን ሊያስፈርሱ ቆርጠው፣ በዋዜማው በዓይናቸው ሊያዩ ልጆቹ ወደሚለማመዱበት ሜዳ መጡ። ኦገስታ በጥልፍ ልታባብላቸው የስብስቧን ዕንቁ፣ መቶ ዓመት ያለፈውን እጀ ጠባብ፣ ዘርግታ ጠበቀቻቸው።

ወይዘሮዋ የአጥሩን መሻገሪያ ደረጃ ሲወጡ ቀሚሳቸው ጠለፋቸውና ከነባርኔጣቸው ከሥሩ ካለው ቦይ ውስጥ ወደቁ!

«እግሬን! ወንድ ጥሩልኝ!»

«ወንዶቹ አጨዳ ላይ ናቸው እሜቴ፤ እኛው አለን» አለች የጓዱ አለቃ ዶርካስ።

«እናንተ? ድመትም አትሸከሙ!»

«ድመትማ ብትሆን በእግሯ ትሄድ ነበር» አለች ከልጆቹ አንዷ ኤልሲ በሹክሹክታ።

ዶርካስ ጃኬቷን አውልቃ፣ ቆልፋ፣ በሁለት ዘንግ ወጠረችው። ወይዘሮዋ ገና ሲያርፉበት አዝራሩ ሁሉ ጠር ጠር ብሎ ተበተነ። የሁሉም ዓይን ወደ እጀ ጠባቡ ዞረ። ኦገስታ ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘችው፤ ሕፃን የሚነጥቋት መሰላት። ድንገት ግን ጮኸች፦

«አዝራር የለውም እኮ! ፊቱም ጀርባውም አንድ ነው! ዘንጉን አምጡ!»

ዘንጎቹን ከታች አስገብተው በእጅጌዎቹ አወጧቸው። ከዚያ ወደ ሐኪሙ ቤት ሩጫ ሆነ! አራት ልጆች ተሸከሙ፤ ኤልሲ የታመመውን እግር ደግፋ ያዘች።

«ቀስ በሉ! ምን፣ ድንች ነው የጫናችሁት?» ይላሉ ወይዘሮዋ።

ኦገስታ ከጎን ከጎን እየሮጠች ስፌቱን ታያለች። «አንድ ክር አልተበጠሰም! አያችሁ? አንድም!» ለሥራ የተሰፋ ልብስ ክብሩን የሚያገኘው በሥራ ነው፤ ይህን ስብስቧ ሁሉ አላስተማራትም ነበር።

ሐኪሙ እግሩን ጠቅልሎ ሲያበቃ፣ «ሳምንት ሙሉ መሬት አይርገጡ» አላቸው።

«ነገ ስብሰባ አለብኝ! ማን ይወስደኛል?»

ዶርካስ አንገቷን ሰበር አድርጋ፣ «በስንት ሰዓት እንምጣ እሜቴ?» አለች።

ወይዘሮ ፔሊንግ ጭቃ የጠጣውን ጥልፍ፣ ቀጥለውም በላብ የራሱትን የልጆቹን ፊቶች አዩ።

«ረፋዱ ላይ ኑ። ስለ እናንተ የምናገረውን ለውጬ መንገድ ላይ አጠናዋለሁ፤ ስለዚህ አታነዋውጡኝ።»