ዘውዱ የለቀቀው ውኃ

ዘውዱ እጁን አጣጥፎ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነው። ወሎ ሳለ የመንደሩን የመስኖ ውኃ የሚያከፋፍለው እሱ ነበር። በሰፈራ ወደ ምዕራቡ ቆላ ወደ አቦቦ ከመጣ ዐሥር ዓመት ሆኖትም፣ ሰው ቦይ ሲያበጅ ካየ ሳያርም አያልፍም። ያን ቀን ግን የዘጠኝ ዓመት ልጁ ሉል በወባ ራሷን ስታ ጤና ጣቢያ ተኝታ ነበርና፣ ከጠዋት ጀምሮ አጠገቧ ከመቀመጥ በቀር የሚሠራው አልነበረውም።

ከራስጌዋ ከተንጠለጠለው ከረጢት የወባው መድኃኒት ጠብ ይላል፤ ቆም ይላል፤ ደግሞ ጠብ ይላል። አቦቦ ያለችበት ክልል ከተቋቋመ ገና ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጤና ጣቢያው ያሉትም ሁለት ነርሶች ብቻ ናቸው። ተረኛዋ ርብቃ፣ የዚያው የአቦቦ አኙዋክ፣ ሰዓቷን እያየች ጠብታውን አስተካክላ ሌላ በሽተኛ ልታይ ወጣች። ዘውዱ ወደ ከረጢቱ አንጋጠጠ። ልጅ በትኩሳት እየነደደች ውኃውን እንዲህ መሰሰት ምን የሚሉት ነገር ነው? ግራ ቀኙን አየና ቱቦው ላይ ያለችውን ትንሽ መክፈቻ ለቀቅ አደረጋት። ጠብታው ክር ሆኖ ወረደ። ማሳ ያጠጣ መስሎት ደስ አለው፣ ምስኪን።

ጥቂት ቆይቶ ሉል በላብ ተጠመቀች። ትኩሳቱ ለቀቃት ብሎ ፈጣሪውን አመሰገነ። ምስጋናውን ሳይጨርስ እጇ ቀዘቀዘ፤ ሰውነቷ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ነርሷን የጠራት የእሱ ጩኸት ነው። ርብቃ እየሮጠች ገብታ ቱቦውን አየችና ወዲያው ዘጋችው።

«ጋሼ፣ ይሄን ማን ነካ?»

መዋሸት ይችል ነበር።

«እኔ ነኝ። ቶሎ ቢገባ ቶሎ ትድናለች ብዬ።»

«ይሄ መድኃኒት ቶሎ ከገባ ልብ ያቆማል፤ የሰውነት ስኳርም ይጨርሳል» አለችው፣ መርፌውን እያዘጋጀች። የጎደላትን ስኳር በደም ሥሯ ቀስ አድርጋ ሰጠቻት። መንቀጥቀጡ ቆመ፤ ልጅቷ ግን አልነቃችም። ዘውዱ ልጄን በገዛ እጄ ገደልኳት ብሎ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

ሌላ ሰው ቢሆን አዋርዶ ያባርረው ነበር፤ ቢያባርረውም አይፈረድበትም። ርብቃ ግን ልቡ ካረፈ በኋላ ነው ስህተቱን የሚረዳው ብላ ይሁን፣ በርጩማ አምጥታ አልጋው አጠገብ አስቀመጠችው። የልጅቷን ልብ ደጋግማ አዳምጣ መድኃኒቱን እንደገና ስትከፍት፣ በደቂቃ ከሃያ ጠብታ እንዳያልፍ እሱ እንዲቆጥር፣ እሷ ሰዓቱን እንደምታይ ነገረችው። ዘውዱ ጆሮውን አላመነም። ይህን ያበላሸ እጅ እንደገና ሊታመን?

ቆጠረ። ሃያ ሲሞላ ከአንድ ይጀምራል። ዐሥራ አንድ ሰዓት ላይ ተተኪዋ ነርስ ገባች፤ ርብቃ ሌሎቹን በሽተኞች አስረከበቻትና ተመልሳ የሉልን እጅ ይዛ ቁጭ አለች። ቤቷ ልጆቿ እንደሚጠብቋት ዘውዱ ሲነጋገሩ ሰምቷል። ሂጂ ሊላት አሰበ፤ ግን መቁጠሩን ቀጠለ። እንዳትሄድ ፈርቶ ነበር።

ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ሉል ዓይኗን ገለጠች። አባቷን ትክ ብላ አየችው።

«አባባ፣ ምን ትቆጥራለህ?»

ሊመልስላት ጎንበስ አለ። ዐሥራ ሦስት ላይ ነበር ወይስ ዐሥራ አራት፣ ጠፋበት። እንባው በጢሙ እየወረደ ደንግጦ ወደ ርብቃ ዞረ።

«ያልቅሱ ጋሼ» አለችው፤ «ቁጥሩን እኔ ይዤዋለሁ።»