አድራሻዋ ያልታወቀ ሴት

በዚያ ዘመን ጋዜጣ ስማዳ የሚደርሰው ለንባብ አልነበረም። ወገዳ ገበያ ላይ ሱቅ የነበረው ንጉሴ አሮጌውን ጋዜጣ በእስር በእስሩ ገዝቶ በአጋሰስ ያስመጣና ግማሹን ለስኳርና ለቁንዶ በርበሬ መጠቅለያ ያስቀረዋል፤ የተረፈውን ለሴቶች ይሸጠዋል። ሴቶቹም የሚገዙት ለግድግዳ ነው። ዱቄት በጥብጠው ያፈሉና በዚያ እያጣበቁ ምርጊቱን ያለብሱታል። ቤቱ ይነጣል፤ አፈሩም የእንግዳ ልብስ ላይ አይራገፍም።

ውባለም ወልደማርያም ለጥምቀት ቤቷን ያሰማመረችው እንዲሁ ነበር። ባሏ ቻላቸው ከሞተ አራተኛ ዓመቱ ነው፤ ልጅ አልነበራቸውም። ሥዕል ያለባቸውን ገጾች መርጣ ከበሩ ትይዩ ለጠፈች፤ ድልድይ፣ ባለ ኮፍያ ሹማምንት፣ አንዲት ጥርሷን የምታሳይ የሳሙና ሴት። ጽሑፍ ብቻ የሆነውን ግን ከመደቡ በላይ አደረገችው፤ ሰው ጀርባውን እያስደገፈ በሚያቆሽሸው በኩል።

የግንቦት ሚካኤል ማኅበር ተራው የእሷ ነበር። ጸሎቱ ደርሶ፣ ዳቦው ተቆርሶ፣ ሰው መጨዋወት ሲጀምር መሪጌታ ቀለመ ወርቅ ዋንጫቸውን እንደያዙ አንገታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ፤ ዓይናቸው ፊደል ካየ ዝም ብሎ አያልፍም።

«መሪጌታ፣ ምን በደልንዎ?» አለ ዳምጤ። ዳምጤ የቻላቸው ታናሽ ወንድም ነው፤ አፉ የማይደክመው፣ ክርክር ካለበት ደጃፍ የማይጠፋ ሰው። «ለእኛ ጀርባዎን ሰጥተው ከግድግዳ ጋር ያወጋሉ።»

«ካንተ ወሬ የሱ ይሻላል።»

«እንግዲያ ለኛም ያሰሙና!»

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «የመኪና ጎማ ነጋዴ ነው። ‹ጎማችን ድንጋይ አይበግረውም› ይላል።»

«የስማዳን መንገድ አላየማ!» አለ ዳምጤ፤ ቤቱ ሳቀ።

«አንድ ሰው ደግሞ በኅዳር የመታወቂያ ወረቀቴ ጠፍቶብኛል፣ ያገኘ ይመልስልኝ ይላል።»

«በኅዳር የጠፋውን በግንቦት!» አለች ጎረቤቷ ላቀች። «እንዲህ ከሆነስ የኔንም ዶሮ ይጻፉልኝ።»

«እዚህ የኳስ ጨዋታ አለ። ሁለት ለአንድ።»

«ማን አሸነፈ?»

«እሱማ ከወዲያኛው ወረቀት ሥር ገብቷል።»

እንደገና ተሳቀ። ውባለምም ማድጋውን እንደታቀፈች ሳቀች። ከዚያ መሪጌታ ዋንጫቸውን መደቡ ላይ አስቀመጡና ወደ ግድግዳው ጠጋ አሉ፤ በጣታቸው መስመሩን ተከትለው እስከ ታች ወረዱ፤ እንደገና ከላይ ጀመሩ።

«ውባለም» አሉ ሳይዞሩ፣ «አያትሽ ውቤ ነበሩ አይደል?»

«አዎ መሪጌታ። ምነው?»

ጮክ ብለው አነበቡት፤ ግን እንደ ጎማው አልነበረም፤ ቃል በቃል፣ እንደ ግዝት። «ለወይዘሮ ውባለም ወልደማርያም ውቤ። አቶ አድማሱ ገብረ ሚካኤል ሾላ ግርጌ ስለሚባለው የርስት መሬት ከሰውዎታል። አድራሻዎ ስላልታወቀ በዚህ ጋዜጣ ተጠርተዋል። መጋቢት ሃያ ቀን ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት አውራጃው ፍርድ ቤት ቀርበው መልስ እንዲሰጡ፤ ባይቀርቡ ግን ነገሩ በሌሉበት ታይቶ የሚወሰን መሆኑን እንዲያውቁት።»

ቀኑ ግንቦት አሥራ ሁለት ነበር። መጋቢት ሃያ ካለፈ ሃምሳ ሁለት ቀን ሆኖታል። ይህን ሁሉም በየልቡ ቆጠረው።

ሾላ ግርጌ የውባለም ብቸኛ ማሳ ነበረች። አንዱን ዓመት ገብስ፣ አንዱን ዓመት ስንዴ፣ ዳርዳሩን ባቄላ ትዘራባታለች፤ ዳምጤ በእኩል ያርስላታል። ከሾላ ግርጌ ውጪ ስንዝር የላትም። ማሳዋ ከሄደች ውባለም የምትሄድበት የላትም፤ ይህ ለማንም የተሰወረ አልነበረም።

እሷ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ስለ መሬቱ አልነበረም።

«አድራሻዋ አልታወቀም ያለው አድማሱ ነው?»

«እንግዲህ የተጻፈው እንደዚያ ነው» አሉ መሪጌታ።

አድማሱ የአጎቷ ልጅ ነው። እናት አባቱ በተስቦ ሲሞቱ ሰባት ዓመቱ ነበር፤ ያሳደጉት የእሷ አባት ናቸው። ከአንድ ገበታ በልተዋል፤ ኩፍኝም ይዟቸው አንድ አጎዛ ላይ ተኝተዋል። ጎልምሶ አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያም ሹመት አገኘ ተባለ። ካቻምና ለመስቀል መጥቶ ዘጠኝ ሌሊት ያደረው እዚሁ መደብ ላይ ነበር። ሲሄድም አንድ ቅል ቅቤና የሠንጋ ቋንጣ ሰንቃ፣ እስከ ወንዙ ማዶ ሸኝታዋለች። ያን ጊዜ መሬት የሚባል ነገር አላነሳም።

ላቀች ማልቀስ ስትጀምር ዳምጤ ብድግ አለ። «ምን ታለቃቅሳላችሁ? ሰው ሞተ? ያልሰማ ሰው ከሰማበት ቀን ጀምሮ አቤት ይላል፤ ሕግ ነው። ርስት በሺ ዓመቱ ለባለቤቱ ነው። መሪጌታ ማመልከቻውን ይጻፉ፤ እኔና እትዬ ይዘን እንሄዳለን።»

«መጥሪያውንስ ልገልብጠው?» አሉ መሪጌታ።

«ግልባጭን ማን ያምናል? ራሱን ነው እንጂ!»

ውባለም ውሃ አሙቃ ወረቀቱን በጨርቅ ነካክታ ልታነሳው ሞከረች። አንደኛው ጠርዝ እንደ ተልባ ዝልግልግ ብሎ ተበጠሰ፤ የጎማው ማስታወቂያ እኩሌታ በጣቷ ቀረ። እጇን ሰበሰበች። «ከነጭቃው ቁረጠው» አለች።

«ከነጭቃው?»

«ከነጭቃው። ወረቀት ብቻ ካዩማ እንደነሱ ቁጭ ብዬ የማነብ ይመስላቸዋል። ጭቃውን ሲያዩ እኛ ዘንድ ጋዜጣ ምን እንደሚሠራ ይገባቸዋል።»

ነገሩ ለዳምጤም ብልህነት መሰለው። በማጭድ ጫፍ ዙሪያውን ገዝግዞ፣ ጭዱ እያያዘ አስቸግሮት፣ የእጅ መዳፍ ያህል የወፈረ አንድ ክንድ ምርጊት አወጣ። በሰፌድ ላይ አስተኙት፤ በነጠላ ሸፈኑት። ግድግዳው ላይ የቀረው ቀዳዳ እንጨቱን አገጠጠ፤ ላቀች ጆንያ ጠቀጠቀችበት።

ሦስት ቀን ተጓዙ። ውባለም ሰፌዱን ለማንም አልሰጠችም፤ አንዳንዴ በራሷ ተሸክማ፣ ቁልቁለት ሲሆን እንደ ሕፃን በደረቷ አቅፋ። አንድ ከሰዓት ዝናብ ሲይዛቸው ከላይዋ አጎዛዋን አውልቃ ጭቃውን አለበሰችው፤ እሷ በሰበሰች። የሚያገኟቸው መንገደኞች «እንጀራ ነው?» እያሉ ይጠይቃሉ፤ ዳምጤም «ርስት ነው» ይላቸዋል።

የመጨረሻውን ሌሊት በመንገዳቸው መካነ ኢየሱስ ዘመድ ቤት አደሩ። ጠዋት ሲነሱ ዳምጤ እንደ ወትሮው አልቀለደም። ከደጃፉ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።

«እትዬ፣ ሌሊት ሳስበው አደርኩ። መቼ ለጠፍሽው ይሉሻል።»

«ይበሉኛ።»

«ለጥምቀት እንዳትይ።»

የሰፌዱን ነጠላ አስተካከለች።

«ስሚኝ። ለጥምቀት ካልሽ ከቀጠሮው በፊት ቤትሽ ነበረ ማለት ነው። ከፋሲካ በኋላ ነው በይ። ለዳግም ትንሣኤ ለጠፍኩት በይ። ማን ይመሰክርብሻል? ጭቃ አፍ የለው!»

«ወንጌል ያስጨብጡኛል ወይ?»

«ያስጨብጡሻላ። አድማሱም አድራሻዋን አላውቅም ሲል አየር ጨብጦ መሰለሽ?»

ውባለም ሰፌዱን አንስታ መንገድ ጀመረች። ዳምጤም ዝምታዋን እሺታ ነው ብሎ ተከተላት።

የአውራጃው ፍርድ ቤት አዳራሹ በሰው ታፍኖ ነበር። ስሟ ሲጠራ ሰፌዱን ይዛ ገባች። የአድማሱ ነገረ ፈጅ ቆሟል፤ አድማሱ ራሱ የለም። ዳኛው በዕድሜ ገፋ ያሉ፣ ረጋ ያሉ ሰው ነበሩ፤ የመሪጌታን ማመልከቻ አንብበው ሲጨርሱ ቀና አሉ።

«ምንድን ነው የያዝሽው?»

«ግድግዳዬ ነው ጌታዬ።»

ሰው ሳቀ። ዳኛው በእርሳሳቸው ጠረጴዛውን መቱና አቅርቢው አሏት። ነጠላውን ስትገልጥ ጸሐፊው ወረቀቶቹን ወደ ኋላ ሸሸ አደረገ፤ ጭድና አፈር ጠረጴዛው ላይ ተንጠባጠበ። ዳኛው ጎንበስ ብለው ጽሑፉን አነበቡት፤ በአውራ ጣታቸውም ጭቃውን ዳሰስ አደረጉ። ውባለም ያን ጣት አየችና ገባቸው ብላ አሰበች።

«ይህን የለጠፍሽው መቼ ነው?»

እጇ ወንጌሉ ላይ ነበር። የመጽሐፉ ቆዳ ቀዝቅዞ ለዘዘባት። ከኋላዋ የዳምጤን ትንፋሽ ትሰማለች። «ከፋሲካ በኋላ ነው» ማለት ሦስት ቃል ነው። በልቧ ጀመረችው፤ ነገር ግን ያን ዕለት ዱቄቱን ስታማስል፣ ላቀች ወረቀቱን ስታቀብላት፣ ደጁ ላይ ታቦቱ ሊወርድ እልልታ ሲሰማ፣ ሁሉም በዓይኗ መጣባት። ወንጌል ይዛ ያን ቀን ሌላ ቀን ነው ልትለው አልቻለችም።

«ለጥምቀት ነው ጌታዬ። በዋዜማው።»

ዳምጤ «ወይኔ!» ሲል አዳራሹ ሁሉ ሰማው።

ነገረ ፈጁ የሚናገረው ብዙ አልነበረውም። «ክቡር ዳኛ፣ ከቀጠሮው ሁለት ወር ከአሥር ቀን በፊት መጥሪያው ተከሳሿ ቤት ደርሷል። ማስረጃውን ራሷ ተሸክማ አምጥታልናለች።»

«በነዚያ ሁለት ወራት ማንበብ የሚችል ሰው ቤትሽ አልገባም?» አሉ ዳኛው። ድምፃቸው አላስጨነቃትም፤ መውጫ የሚፈልጉላት ይመስል ነበር።

«የነፍስ አባቴ ገብተዋል። ጸበል ሊረጩ።»

«ታዲያ?»

«ግድግዳ ነዋ ጌታዬ። ግድግዳ ማን ያነባል?»

አሁን የሳቀ አልነበረም። ዳኛው መነጽራቸውን አውልቀው መዝገቡ ላይ አስቀመጡ። ከዚያ መጥሪያው በአግባቡ የታወጀና እጇም የገባ በመሆኑ አልሰማሁም ማለቷን እንደማይቀበሉት፣ በሌለችበት የተሰጠውም ፍርድ እንደጸና ተናገሩ፤ ጸሐፊው ጻፈ።

«አንድ ነገር ልጠይቅ» አለች ውባለም።

«ጠይቂ።»

«አድማሱ ቤቴን ያውቀዋል። አላውቀውም ሲል እውነት ነው ወይ ብሎ የጠየቀው ሰው አለ?»

«እሱ ሌላ ክስ ነው» አሉ ዳኛው ቀስ ብለው። «ልትከሺው ትችያለሽ። አዲስ አበባ ነው ያለው፤ አድራሻውን ይዘሽ ታመለክቻለሽ።»

አድራሻውን አታውቀውም ነበር። አንድ ጊዜም አልነገራትም።

ጭቃውን ጸሐፊው አስቀረው፤ ከመዝገቡ ጋር ይቀመጣል አለ። ሰፌዱን መለሰላት። እስከ መካነ ኢየሱስ ዳምጤ አንድ ቃል አልተናገረም፤ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ስማዳ አላቋረጠም። «ለአንድ ቃል! ለአንዲት ቃል! ጽድቅሽን ታርሺው እንደሆነ አያለሁ!» እሷም «እውነትህን ነው» ትለዋለች፤ ደግሞ ይናደዳል።

ሰኔ ገባ። አንድ ማለዳ ላቀች ሮጣ መጥታ ሾላ ግርጌ በሬ ገብቷል አለቻት። ውባለም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች፤ ዳምጤም ዱላውን ይዞ ደረሰ። ከእስቴ የመጣ ጎልማሳ ገበሬ ጥንድ በሬ ጠምዶ ማሳው መሃል ቆሟል፤ አንድም ትልም አላወጣም። ሲያያቸው እርፉን ለቆ እጅ ነሣ።

«እንደምን አደራችሁ። እናቴ፣ ያገሩ ሰው ነዎት?»

«ነኝ።»

«አቶ አድማሱ የሚባሉ ሰው በእኩል እንዳርስላቸው ልከውኝ ነው። ወሰኑን በወረቀት ሰጥተውኛል፤ ለቄስ አስነበብኩት። ‹ከሾላዋ እስከ ጅረቱ› ይላል። ጅረቱ ያው። ሾላዋን ግን ባይ ባይ የለችም።»

ሾላዋን መብረቅ ከጣላት አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። ግንዷን ቻላቸው ለአጥር ፈልጦታል፤ ሥሯንም ምስጥ በልቶ ጨርሶታል። በማሳው ላይ ሥፍራዋን ለይቶ የሚያውቅ ሰው ከውባለም በስተቀር አልነበረም።

ዳምጤ ክንዷን ያዛት። «አላውቅም በይው» አለ በሹክሹክታ። «በማርያም እልሻለሁ እትዬ። እዚህ ወዲህ ናት በይው፤ የባቄላዋ ዳር ትቀርልሻለች። ዛሬ ዳኛ የለ፣ ወንጌል የለ!»

ውባለም የባቄላዋን ዳር አየችው። አንዲትን ሴት ለአንድ ክረምት ሊያኖር ይችላል። ገበሬው ባዶ እግሩን በጭቃው ላይ እያፈራረቀ፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ ይጠብቃል። በእሷ ላይ የሠራው ምንም የለም፤ ወሰኑን ብቻ ነው የጠየቃት።

ክንዷን ከዳምጤ እጅ ቀስ ብላ አላቀቀች። በለሰለሰው መሬት ላይ እየረገጠች ሽቅብ ሄደች፤ የባቄላዋን ዳር አለፈች፤ ከዚያም ጥቂት እርምጃ ጨምራ ቆመች።

«ሾላዋ እዚህ ነበረች» አለችው።

ገበሬው አመስግኖ እርፉን ጨበጠ፤ ጅራፉን አጮኸ። በሬዎቹ አንገታቸውን ደፍተው ቀጥ ብለው ወደ እሷ መጡ። እግሯ ሥር ደርሰው እስኪዞሩ ድረስ ከቆመችበት አልተነቃነቀችም።