ውሃ ሲመጣ የሚንኳኳው ግድግዳ

ማክሰኞ ጠዋት በእነ ትርሲትና በእትዬ ንግሥቴ ቤት መካከል ያለው ግድግዳ ብርሃን ማሳለፍ ጀመረ። አልፈረሰም፣ አልተሰነጠቀም። ሲነኩት ያው የድሮው ብሎኬት ነው፤ ይቀዘቅዛል፣ ይሻክራል። ሲያዩት ግን የለም።

ትርሲት አልተገረመችም ማለት ውሸት ይሆናል፤ ቢሆንም ምክንያቱን ታውቃለች። ሥራዋ ለኮምፒውተር ጌም ሞድ መሥራት ነው፤ ማለትም ሌሎች በሠሩት ጌም ውስጥ የራሷን ነገር ትጨምራለች። በዚያ ጌም ውስጥ ዓለም በሙሉ የተገነባው በብሎክ ነው፤ አፈሩም ዛፉም። እሷም አባዶ ያለውን ኮንዶሚኒየማቸውን፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ያለውን የራሳቸውን ቤት ሳይቀር፣ ብሎክ በብሎክ ደርድራ ሠርታዋለች። ፊት ለፊታቸው አዲስ ሕንፃ ከቆመ ወዲህ ቤቱ ጨልሟል። እናቷ ወይዘሮ ውድነሽ ምስር የሚለቅሙት በጠራራ ፀሐይ መብራት አብርተው ነው። ፀሐዩ ያለው በእትዬ ንግሥቴ በኩል ነው። ስለዚህ ሰኞ ዕለት ትርሲት አዲስ ብሎክ ፈጠረች፣ ኮዱ ላይ «ብርሃን ያሳልፋል» ብላ ጻፈችበት፣ በጌሙ ቤት የጋራውን ግድግዳ አንስታ በእሱ ተካችው። ጌሙ ውስጥ ፀሐይ ገባ። በማግሥቱ ቤታቸውም ገባ።

መጀመሪያ ያደረገችው ማንም ሰው የሚያደርገውን ነው። ወደ ግድግዳው ተጠጋች፣ እጆቿን ከዓይኖቿ ግራና ቀኝ ከለለች፣ ግንባሯንና አፍንጫዋን ለጥፋ የተዘጋ ሱቅ እንደሚያይ ሰው ወደ ውስጥ አየች። በስተቀኝ የእትዬ ንግሥቴ ቁምሳጥን ግድግዳውን ተደግፎ ቆሟል። ጀርባ የለውም። ሳህኖቹ ይታያሉ፣ የታጠፈው ጋቢ ይታያል፤ ከጋቢው ሥር ደግሞ እትዬ ንግሥቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር «ውይ፣ አለቀብኝ» የሚሉት ማር፣ እስከ አፉ በሞላ ማሰሮ ውስጥ ተቀምጧል። ትርሲት ሳቀች።

ስትዞር እናቷ ሰፌድ ይዘው ቆመዋል። ሰፌዱ ከእጃቸው ወደቀ፣ ምስሩ ወለሉ ላይ ተበተነ።

«አትደንግጪ እማዬ፤ ግድግዳው ነው።»

«አዎ፣ ግድግዳው ነው» አሉ እናቷ ወለሉን እያዩ። «ሂጂ ቁርስሽን ብይ።»

ትርሲት ፊቷን ታጥባ ቁርሷን በላች። ወይዘሮ ውድነሽ ምስሩን ለቅመው ጨረሱና ወገባቸውን ስለሚያማቸው እንደ ልማዳቸው ያንኑ ግድግዳ ደገፍ ብለው ተቀመጡ። ይህ ቦታቸው ነው። እዚያ የሚቀመጡት ለወገባቸው ብቻ አይደለም፤ ውሃ ለመጠበቅም ነው። በዚህ ሕንፃ ውሃ መቼ እንደሚመጣ የሚያውቅ የለም። ቀድሞ ያየ ጎረቤት ግድግዳውን በመዳፉ ይመታል፤ የሰማው ሁለቴ መልሶ ይመታና ወደ ጄሪካኑ ይሮጣል። እናቷና እትዬ ንግሥቴ እንዲህ ሲጠራሩ ዓመታት አልፈዋል። በዕድሩ ስብሰባ ተጣልተው በተኳረፉበት ወር እንኳ ሰላምታ ተቋርጦ ማንኳኳቱ አልተቋረጠም።

እናቷ ወደ ጓዳ ሊሄዱ ሲነሡ ትርሲት ከኋላቸው ነበረች። ከአንገታቸው እስከ ወገባቸው ምንም አልነበረም። ቀሚሱም የለም፣ ሥጋውም የለም። የደረታቸው ውስጠኛ ገጽ ይታያል፤ ደም የሌለው፣ ንጹሕ፣ ከላይ ሲያዩት እንደ ጋን ሆድ ባዶ። ትርሲት ወንበር ይዛ ቆመች።

«እማዬ፣ ያምሻል?»

«ምኔን?»

«ጀርባሽን።»

«ዛሬስ ቀሎኛል» አሉ እናቷ ሳይዞሩ።

ምን ይባላል? እናትን ያህል ሰው፣ ደም ግፊት እያለባቸው፣ «ጀርባሽ የለም» ተብሎ ይነገራል? ትርሲት ጋቢ አምጥታ በትከሻቸው ላይ ጣል አደረገችላቸው። ጋቢው ባዶው ላይ፣ ጀርባ እንዳለ ሁሉ፣ ተዘርግቶ ቆመ። ጥቂት ቆይተው እናቷ የመታጠቢያ ቤቱን መስታወት አውርደው አልጋ ሥር ከተቱት።

«ምነው?»

«ተሰንጥቋል።»

መስታወቱ ደህና ነበር። ትርሲት ግን አልተከራከረችም፤ እንዲያውም እናቷ ራሳቸውን ከማየት ዳኑ ብላ እፎይ አለች። ከግድግዳው ወዲያ እትዬ ንግሥቴ ወደ እነሱ አዩ፣ አማተቡ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። የእናቴን ጀርባ አይተው ነው ብላ ትርሲት አፈረች።

ላፕቶፗን ከፈተች። ጌሙ ውስጥም ቁምሳጥኑ ጀርባ የለውም። ስህተቷን ለማግኘት ብዙ አልፈጀባትም፤ እንዲህ ዓይነት ሥራ የሚሠራ ሁሉ አንድ ቀን የሚሳሳተው ስህተት ነው። ጌሙ ቆጣቢ ነው። በድፍን ብሎክ የተሸፈነን ነገር አይሥልም፤ ማን ሊያየው ብሎ? እሷ «ብርሃን ያሳልፋል» አለችው እንጂ «ድፍን አይደለም» አላለችውም። ስለዚህ ግድግዳውን የነካ ገጽ ሁሉ ለማንም እንደማይታይ ተቆጥሮ ይቀራል። ክፋት የለበትም፣ ቁጠባ ነው።

ይህን ስትረዳ እናቷ ተመልሰው ግድግዳው ሥር ተቀምጠው ማንጎላጀት ጀምረዋል። ጭንቅላታቸው ወደ ጎን አዘነበለ። አሁን በጎናቸው ቢጋደሙ ጎናቸው ይሄዳል፤ እንቅልፍ ወስዷቸው ቢገላበጡ ምን እንደሚተርፍ ትርሲት ልታስበው አልደፈረችም። የጎደለውን መስመር ጻፈች። «ድፍን አይደለም።» የሚስተካከለው ጌሙ ዳግም በሚነሣበት ቅጽበት ግድግዳውን የነካ ብቻ ነው፤ የኮዱ ጠባይ እንዲህ ነው።

«እማዬ፣ ቀና ብለሽ በደንብ ደገፍ በይ።»

«እሺ» አሉ እናቷ። «ለምን?» አላሉም።

ትርሲት ጌሙን አስነሣችው። ግድግዳው ብርሃን እንዳሳለፈ ቀረ፤ ቁምሳጥኑ ግን ጀርባ አወጣ፣ ምስማሩ ጠማማ የሆነ ቡናማ ኮምፔንሳቶ።

«እስኪ ተነሺ። ዙሪ።»

ጀርባቸው ነበረ። አበባ ያለበት ቀሚስ፣ አንገቱ ላይ ያልተቆለፈች ቁልፍ፣ መሃል ላይ የላብ ምልክት። ትርሲት አለቀሰች።

«ምን ሆንሽ?»

«ምንም። ቀሚስሽ ያምራል።»

ወይዘሮ ውድነሽ ቁምሳጥኑን ትኩር ብለው አዩ። ከዚያ ድምፃቸው በአንዴ ተለወጠ። «ትርሲትዬ፣ ነይ ቶሎ። አንቺም እንደ ጠዋቱ ተጠጊው።»

«ቆይ እማዬ፣ ይኼን ልጨርስ።»

እባብ ያየ በልጥ በረየ። ብርሃኑ በአፍንጫዋ ይውጣ፤ ሁለተኛ እናቷን በአንድ መስመር ኮድ አታስይዝም። ብሎኩን ሰረዘችው፣ በቦታው አሮጌውን ድፍን ግድግዳ መለሰች፣ ቁልፉን ተጫነች።

«ተይ!» አሉ እናቷ።

ቤቱ ሊጨልም ይገባ ነበር። ለትርሲት አልጨለመባትም። ፊት ለፊቷ መስኮት አለ፣ በመስኮቱ ፀሐይ ይገባል፣ በፀሐዩ ላይ የእትዬ ንግሥቴ ወንበር ተቀምጧል። ቁምሳጥኑ በስተቀኝ ነው። አሁን የሚታያት ጎኑ ነው።

«እማዬ?» አለች። ድምፅዋ የወጣው በእትዬ ንግሥቴ ቤት ውስጥ ነው።

የእናቷ ልቅሶ ግን ከጆሮዋ አጠገብ መጣ፤ ጆሮዎቿ በእነሱ ቤት ቀርተዋል። «እንዳትደነግጪ ብዬ ነው ያልነገርኩሽ። ጠዋት ስትዞሪ ፊት አልነበረሽም። መስታወቱንም ለዚያ ነው ያነሣሁት፤ ቀስ ብዬ ልነግርሽ ነበር።»

ትርሲት እጇን አነሣች። ጠዋት ስትታጠብ እጇ ሁሉንም በየቦታው አግኝቶት ነበር። አሁን በሁለት ጆሮዎቿ መካከል ምንም ሳይነካ አለፈ፣ ማጅራቷን ከውስጥ በኩል ነካው። ድፍኑ ግድግዳ ሲመለስ ያልተስተካከለውን ፊቷን በእትዬ ንግሥቴ በኩል ይዞት ቀርቷል። ላፕቶፑ ከፊቷ መሆኑን ታውቃለች፣ ጣቶቿ ቁልፎቹን ያገኛሉ። ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ግን ልታየው አትችልም። እናቷም ማንበብ አይችሉም።

እትዬ ንግሥቴ ከኩሽና ወጡ። ወደ ግድግዳው ሲመጡ እየተለቁ ሄዱ፣ ከዚያ መዳፋቸው ከጉንጯ አጠገብ አረፈ።

«ውድነሽ! ውሃ መጣ!» ብለው ጮኹ። ጎንበስ ብለው ትርሲትን አዩ፤ በዚህ ጊዜ አላማተቡም። «ልጅቷ እዚህ እኔ ጋ ናት። ከንፈሯ ደርቋል። ላጠጣት?»

ከወዲያ በኩል ወይዘሮ ውድነሽ እንደ ልማዳቸው ሁለቴ መልሰው አንኳኩ። ትርሲት ምቱን ከጥርሶቿ ጀርባ ሰማችው።

እትዬ ንግሥቴ ቁምሳጥኑን ከፈቱ፣ ጋቢውን ገለጥ አደረጉ፣ ከማሰሮው ማር ጨልፈው በውሃው በጠበጡት። ኩባያውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቀረቡ።

ትርሲት አፏን ከፈተች።