እህቴ የደፈነችው ቀዳዳ

እህቴ ሚኒስትር የሆነች ቀን ሰፈሩ ሁሉ ሲጨፍር፣ እኔ ቢሮ ቁጭ ብዬ የሷን መዝገቦች እደረድር ነበር። የጥብቅና ቢሮዋን ለእኔ ትታልኝ ሄደች። ወንበሩም መጻሕፍቱም የእኔ ሆኑ፤ ደንበኞቿ ግን እሺ ብለው አልሆኑም። በሩን ከፍተው እኔን ሲያዩ ፊታቸው ይጠቁራል። «ትልቋ የለችም?» ይሉኛል። እኔ ደግሞ ግልፍተኛ ነኝ፣ አልደብቅም፤ «ትንሿ አለች፣ ከገቡ ይግቡ!» እላለሁ።

እንደዚያ ብለውኝ የማያውቁት ልብስ ሰፊዋ እማማ ብቻ ናቸው። መንገድ ዳር ባለች አንድ ክፍል ቤት ሠላሳ ዓመት ሰፍተዋል፤ እዚያው ይሠራሉ፣ እዚያው ይተኛሉ። ከስምንት ዓመት በፊት ቤቷ ለመንገድ ትፍረስ ተባለ። እህቴ ያኔ ጠበቃቸው ነበረች። ማስታወቂያው በእጃቸው አልተሰጠም፤ በር ላይ ለጥፈውት ነው የሄዱት። «ክቡር ፍርድ ቤት፣ በሩ ማንበብ አይችልም» አለች። ዳኛው ሳቁ፤ ሳቁና ፈረዱላት። ከዚያ ወዲህ በሩ ላይ የተለጠፈበት ሁሉ በዚያ ውሳኔ መኖሪያውን አተረፈ። እኔም ጠበቃ ልሁን ያልኩት ያን ቀን ችሎት ተቀምጬ ነው።

ታዲያ ባለፈው ሰኞ እማማ ወረቀት ይዘው መጡ። ቤትዎ በአሥራ አምስት ቀን ይፈርሳል ይላል።

«የት አገኙት?»

«በሬ ላይ ተለጥፎ።»

ደስ አለኝ! ሞኝ አይደለሁ? «በቃ፣ አለቀላቸው!» አልኩ።

«ትልቋ አልሰማች ይሆናል እንጂ ብትሰማ ኖሮ እዚህም አይደርስ ነበር» አሉኝ። «እስቲ ንገሪያት፣ ልጄ።»

እሳቸው እንደወጡ የእህቴን መሥሪያ ቤት አዲስ መመሪያ ገለጥኩ። አንቀጽ ሰባት፦ በር ላይ የተለጠፈ ማስታወቂያ ለነዋሪው በእጅ እንደተሰጠ ይቆጠራል። ከሥሩ የእህቴ ፊርማ። ደሜ ፈላ። አንዱ ተንኮለኛ ከወረቀት ክምር መሀል ሸጉጦ አስፈርሟት ነው፣ ሳታነብ ነው አልኩ። በማግስቱ ቢሮዋ ሄድኩ።

ጸሐፊዋ ቀና እንኳ ሳትል «ጉዳይሽ?» አለችኝ።

«እህቷ ነኝ።»

«ዛሬ አራተኛዋ እህት ነሽ። ተራ ያዢ።»

ሁለት ሰዓት ተኩል ተጎለትኩ። በመጨረሻ ስገባ እህቴ ቆማ ክኒን እየዋጠች ነበር። ከስታለች። «ሚጢ!» ብላ አቅፋ ሳመችኝ።

«እትዬ፣ ይቺን አንቀጽ ማነው ያስፈረመሽ?»

ወረቀቱን አላየችውም። «እኔ ነኝ የጻፍኳት» አለች።

«አንቺ?»

«ለምን እዚህ ያስቀመጡኝ ይመስልሻል? ለቁንጅናዬ? የሕጉ ቀዳዳ የት እንዳለ ስለማውቅ ነው። መንገዱ እኔ ባሸነፍኩት ክርክር ስምንት ዓመት ቆመ። አምቡላንስ እዚያ ጭቃ ውስጥ ተቀርቅሮ ስንት ሴት በምጥ እንደሞተች ታውቂያለሽ? ቁጥሩ ጠረጴዛዬ ላይ ነው ያለው።»

«ወረቀቱን በእጃቸው መስጠት ምን ያቅታል ታዲያ?»

«ሰጪው ሲመጣ ይደበቃሉ። መደበቁንም እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።» ድምፅዋ ቀጠነ። «ምትክ ቤት ይሰጣቸዋል።»

«የት?»

«ከከተማው ዳር።»

«እና ሰው ሱሪ ለማሳጠር እዚያ ድረስ ይሄድላቸዋል?»

የክኒኑን ዕቃ ከድና መሳቢያ ውስጥ ከተተችው።

«ሌላ ቀዳዳ የለውም?» አልኳት።

ዓይኗ እንባ አቀረረ። «ፈለግሁ፣ ሚጢ። የእማማ ጠበቃ እንደሆንኩ አድርጌ ሦስት ሳምንት ፈለግሁ። ባገኘሁ ቁጥር ደፈንኩት።»

ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ አልኳት፤ ሌላም ያልኳት አለ፣ እሱ ይቅር። ጸሐፊዋ በሩን ከፍታ ስብሰባው ደረሰ አለች።

በቀጥታ ወደ እማማ ቤት ሄድኩ። መርፌ ላይ ክር እያሾለኩ አገኘኋቸው።

«አልሰማችም ነበር አይደል?» አሉኝ።

አዎ ማለት ይቻል ነበር። ሌሎች ናቸው ብል ያምኑኛል። ግን በውሸት ተስፋ ካቆየኋቸው ቤቱ የሚፈርሰው ከነዕቃቸው ነው።

«እማማ፣ እሷው ናት የጻፈችው። በገዛ እጇ።»

መርፌው እጃቸው ላይ ቆመ። «ራሷ?»

«ራሷ።»

ክሩን አሾልከው ጫፉን ቋጠሩ። እርግማን ጠበቅሁ። እርግማን ቢሆን እሸከመው ነበር።

«እንግዲያውስ ስሕተት አይገኝበትም» አሉ። «እሷ ከጻፈችውማ!»

በድምፃቸው ውስጥ ኩራት ነበረ። እሱን ነው መሸከም ያቃተኝ። ተነሥተው ያልተጨረሱትን ልብሶች ለየባለቤቶቻቸው መለየት ጀመሩ። ሲጨርሱ የስፌት ማሽኑን አንድ ጎን ጨብጠው ወደ እኔ ዞሩ።

«ነይ እስቲ፣ በዚያ በኩል ያዢልኝ።»

ያዝኩላቸው።