አርባ አንደኛዋ ካሴት

ኡበይደላ በአባቱ ለቅሶ ድንኳን መሀል ቆሞ አፉ አልከፈት አለው። ምንጣፉ ላይ የተቀመጡት ወንዶች ዱዓቸውን ጨርሰው ቀና ብለው አዩት። እጁ ኪሱ ውስጥ የአባቱን ካሴት ጨብጧል። የሚናገረው አንዲት ስንኝ ብቻ ነበር፤ ከሱብሒ ሶላት ጀምሮ በልቡ ሲደግማት አርፍዷል።

«ምን ልትል ነው ልጄ?» አለው አጎቱ ኢስሐቅ።

«ሻይ… ሻይ ያልደረሰው አለ?»

በለቅሶ ቤት የማይገባ ሳቅ አመለጣቸው።

«እኔ ደግሞ የአባቱን ጥያቄ ሊጠይቅ መስሎኝ!» አለ አንዱ።

«ወንድሜማ ቢሆን» አለ ኢስሐቅ ዓይኑን በጋቢው ጫፍ እየጠረገ፣ «ገና ጫማውን ሳያወልቅ ይጀምር ነበር።»

እውነቱን ነው። አብዱልሐሊም መርሳ ገበያ ዳር ልብስ ሰፊ ነበር፤ ልቡ ግን ሼህ ኑርዬ ዘንድ ነበር። ሼህ ኑርዬ ከሲሪንቃ በላይ ካለው ተራራ የኖሩ፣ መንዙማ የደረሱ ዓሊም ነበሩ። የራሳቸው ድምፅ አንድም ቦታ አልተቀዳም። መንዙማዎቻቸውን በቃል የያዙ ሰዎች ግን በየቦታው ነበሩ፤ አብዱልሐሊም ቴፑን በፌስታል ጠቅልሎ እነሱን ፍለጋ ሐራ ይወርዳል፣ ወልድያ ይመላለሳል። ሃያ ስምንት ዓመት እንዲህ ኖረ።

አንዲት መንዙማ በቀዳ ቁጥር በካሴቱ ጀርባ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ በመቀሱ ጫፍ ይሰብራል። እሷ ከተሰበረች በላዩ ሌላ ነገር መቅዳት አይቻልም። «ተቆለፈች» ይላል። ስባሪዋን ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ይጨምራል። ከዚያ ቤት ሲገባ ብልቃጡን በር ላይ ቆሞ ያንቀጫቅጨዋል። ሚስቱ ረሂማ ከጓዳ ሆና «ስንተኛ?» ትለዋለች።

አርባ ደረሰ። ከሼኹ ደረሶች፣ ከተማሪዎቻቸው፣ በሕይወት የቀረው የመጨረሻው ሽማግሌ ግን «አንዲት ቀርታሃለች» አለው። «እኛ ራያ ሄደን ሳለን ያሏት ናት። ስንመለስ መግቢያዋን ብቻ ነው የሰማሁት።» አብዱልሐሊም ላስቲኩ ያልተቀደደ ካሴት ገዝቶ በላዩ 41 ብሎ ጻፈና ያንን መግቢያ ይዞ በየለቅሶው ዞረ። «ለቅሶ የማያመጣው ሰው የለም» ይል ነበር። ድንኳን ገብቶ፣ ፋቲሓ አድርጎ፣ ስንኟን ይላል፤ የሚያውቃት ይጠፋል።

አንድ ቀን ሲሪንቃ ላይ ሰው ሲስቅበት ኡበይደላ ልጁ እንዳልሆነ ሁሉ ተነስቶ ወጣ። አባቱ በኋላ መንገድ ላይ ደረሰበትና ስለዚያ አንድም ቃል ሳያነሳ ግማሽ ሸንኮራ ሰጠው። ባለፈው ሳምንት፣ ትንፋሽ ሲያጥረው፣ ካሴቷን እጁ ላይ አድርጎ «ለቅሶዬ ላይ ሰው ይሞላል» አለው። «ጠይቅልኝ።»

ዛሬ ሦስተኛው ቀን ነው። ከዐስር ሶላት በኋላ ድንኳኑ ይፈርሳል።

ኡበይደላ ከወንዶቹ ወጥቶ ወደ ጓዳ ሸሸ። ሴቶቹ ለንፍሮ የሚሆን ስንዴ ይለቅማሉ። እናቱ ገና ስታየው ሰፌዱን አስቀመጠች።

«ምን ሆነህ ነው?»

«አቃተኝ እማ። ሻይ ብዬ መጣሁ።»

«ምኑ ነው ያቃተህ?»

«የአባባ ስንኝ። ‹ደመናውም ያንተ፣ ማሳውም ያንተ› ማለት ብቻ ነበር። እሷን እንኳ…»

«ደጅህ ላይ ቆመናል፣ ማን አለን ካላንተ» አለ ከማእዘኑ የመጣ ድምፅ።

ሁሉም ዞረ። አንገታቸው ላይ ጥቁር ማተብ ያሰሩ አሮጊት ስንዴያቸውን መልቀም አላቋረጡም ነበር። እማማ ደብሪቱ ናቸው፤ አብዱልሐሊም የሁለት ልጆቻቸውን የሠርግ ልብስ ሰፍቷልና ከላይ አገር በእግራቸው ወርደው መጥተዋል።

«እማማ… ያውቋታል?»

«ምን ይገርማል? በዚያ በክፉው ዓመት ያሏት አይደለች? ሰማዩ ብረት ሆኖ፣ ቄሳችን በዚህ፣ ሼኹ በዚያ፣ ዝናብ ልንለምን ሁላችን አንድ ሜዳ ወጣን። ደረሶቻቸው አልነበሩም። ‹እናንተው ተቀበሉኝ› አሉን። ለዝናብ ተቀባይ ይመረጣል እንዴ? ልጅ ነበርኩ፤ እስከ ማታ ስቀበል ድምፄ ተዘጋ።»

«ጨርሰው ያውቋታል?»

«ልጆቼን ሁሉ ያስተኛሁት በሷ ነው።»

ረሂማ እጇን አፏ ላይ ጫነች። «እማማ፣ ሱቁ እየተመላለሱ፣ ምነው ሳይነግሩት!»

«የልጆቼን ትከሻ ሲለካ ኖረ እንጂ መች ጠየቀኝ?» አሉ እማማ ደብሪቱ፣ ቅር ብሏቸው።

ኡበይደላ እውነቱ ገባው። አባቱ የጠየቀው ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ነበር፤ በየለቅሶው፣ ሁልጊዜ። ጓዳ አንድም ቀን አልገባም።

ቴፑን አመጣ። የካሴቱን ላስቲክ በጥርሱ ቀደደው። ኢስሐቅ የድንኳኑን መጋረጃ ገልጦ «ምንድን ነው? በለቅሶ ቤት ቴፕ!» ሲል ረሂማ ቀድማ መለሰችለት።

«ዱዓ ነው። ይልቅ መጋረጃውን ሰብስበው፤ ተቀባይ ያንሰናል።»

ኢስሐቅ መጋረጃውን ሰበሰበ።

ኡበይደላ ወደ ወንዶቹ ዞረ። «አርባ አንደኛዋ ተገኝታለች!» አለ ጮክ ብሎ። «እማማ ደብሪቱ ያወርዳሉ፤ እናንተ ተቀበሉ!» የቴፑን ሁለት የመቅጃ ቁልፎች አንድ ላይ ተጫነ።

የአሮጊቷ ድምፅ መጀመሪያ ቀጭን ነበር። በሁለተኛው ስንኝ ሴቶቹ ያዙላቸው። በሦስተኛው ድንኳኑ ሙሉ ተቀበለ፤ ሻይ ላይ የሳቁት ሁሉ፣ ኢስሐቅ ከሁሉም በላይ። በአስፋልቱ የሚያልፈው ሚኒባስ ቀዝቀዝ አለ፤ ረዳቱ አንገቱን አውጥቶ «ሠርግ ነው እንዴ?» ብሎ ጮኸ። እማማ ደብሪቱ አሥራ ዘጠኝ ስንኝ አንድም ሳይሳቱ አወረዱ፤ ሲጨርሱም ወደ ስንዴያቸው ተመለሱ።

ኡበይደላ ካሴቷን አውጥቶ የአባቱን መቀስ ፈለገ። ትንሿን ፕላስቲክ ሰበራት፤ ብልቃጡ ውስጥ ጨመራት። ከዚያም በጓዳው በር ላይ ቆሞ አንቀጫቀጨው።

ረሂማ ጀርባዋን እንደሰጠች፣ ከልማዷ፣ «ስንተኛ?» አለች። ድምፁን ያሰማው ማን እንደሆነ ያኔ ትዝ አላትና ትከሻዋ ተንቀጠቀጠ።

ኡበይደላ አጠገቧ ተንበርክኮ ብልቃጡን መዳፏ ላይ አኖረ፤ ጣቶቿንም አንድ በአንድ አጠፈላት።